ከበር ጠባቂ ማማ ወደ መሳፍንት መኖሪያ፦ የፌራራው የኤስቴ ግንብ የጉዳይ ጥናት

በሰሜን ኢጣሊያ፣ የፖ ወንዝ በሚያጠጣው ለጥ ያለ ሜዳ ላይ በተቆረቆረችው በፌራራ ከተማ መካከል፣ አራት ማማዎች ያሉትና ዙሪያውን ውሃ በሞላው ሰፊ ቦይ የተከበበ ትልቅ የጡብ ግንብ ይገኛል። ዛሬ የከተማዋ እምብርት ላይ ይቁም እንጂ፣ ከአራቱ ማማዎች አንጋፋው በተሠራበት ዘመን ቦታው የከተማዋ ዳርቻ ነበር፤ ማማው ለብቻው ቆሞ በሰሜኑ ቅጥር ላይ ያለውን በር ይጠብቅ ነበር። ይህ በሰሜን ምሥራቅ ማዕዘን ያለው ማማ ቶሬ ዴይ ሌዮኒ፣ ማለትም የአንበሶች ማማ፣ ይባላል። የዚህ ጥናት ጉዳይ አንድ የበር ጠባቂ ማማ በሁለት መቶ ዓመት ውስጥ በኢጣሊያ ስመ ጥር ከሆኑት የመሳፍንት መኖሪያዎች አንዱ የሆነበት ሂደት ነው። ቀናቱ፣ ወራቱና ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ተጽፈዋል።

የዚህ ዓይነት ሕንፃዎች ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚነገረው የጦር ዘመን ሲያልፍ የምቾት ዘመን እንደተተካ፣ ወታደሩ ወጥቶ ሠዓሊው እንደገባ ተደርጎ ነው። የፌራራው ጉዳይ ሲመረመር ግን ይህ አተራረክ አያስኬድም። መኳንንቱን ወደ ግንቡ ያስገባቸው በየጊዜው የደረሰባቸው ድንጋጤ ነው፤ ከገቡ በኋላ ነው ቤቱን ለኑሮ ያመቻቹት። ወህኒ ቤቱም ቢሆን ከአትክልት ስፍራውና ከሥዕል አዳራሾቹ ሥር ሆኖ አብሮ ኖሯል።

የኤስቴ ቤተሰብ የፌራራን ሥልጣን በጽኑ የያዘው በ1264 ኦቢዞ 2ኛ የከተማዋ የዘለዓለም ጌታ ተብሎ በታወጀ ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ ገዢዎቹ የኖሩት ከካቴድራሉ ፊት ለፊት ባለው፣ ዛሬ የከተማው ማዘጋጃ ቤት በሆነው ቤተ መንግሥት ውስጥ ነበር። ይህ ቤት በገበያውና በሕዝቡ መካከል የነበረ ሲሆን፣ የሚከልለው የረባ መከላከያ አልነበረውም። ገዢው ሕዝቡን እስካልፈራ ድረስ ይህ እንደ ጉድለት አልታየም።

ሁኔታው በአንድ ቀን ተለወጠ። የወንዝ ሙላት አዝመራውን አጥፍቶ በነበረበት ጊዜ የግብሩ ጫና እየከበደ በመሄዱ፣ ግንቦት 3 ቀን 1385 ሕዝቡ ተነሥቶ ወደ ቤተ መንግሥቱ ተመመ። ሰዎቹ የፈለጉት የግብሩ ጉዳይ ኃላፊ የነበረውን ቶማሶ ዳ ቶርቶና ነበር። ማርኪዝ ኒኮሎ 2ኛ ሕዝቡን ለማብረድ ሞክሮ ሳይሳካለት ሲቀር ሹሙን አሳልፎ ሰጠ፤ ሕዝቡም ሰውየውን ቦጫጭቆ ገደለው። ማርኪዙ በዚያ ቀን ራሱን አድኗል፣ ነገር ግን ዳግመኛ እንዲህ ያለ ምርጫ ፊት ላለመቆም እንደ ወሰነ ቀጥሎ ያደረገው ያሳያል። አምስት ወር እንኳ ሳይሞላ፣ በምዕራባውያን ዘንድ የቅዱስ ሚካኤል በዓል በሚከበርበት በመስከረም 29 ቀን 1385፣ የአዲሱ ምሽግ የመሠረት ድንጋይ ተቀመጠ፤ ግንቡም የቅዱስ ሚካኤል ግንብ ተባለ።

ሥራው የተሰጠው በምሽግ ግንባታ ስሙ ለገነነው ለባርቶሊኖ ዳ ኖቫራ ነበር። ወጪውን ለመሸፈን ማርኪዙ ከማንቶቫው ገዢ ከፍራንቼስኮ ጎንዛጋ 25,000 ዱካት (የዘመኑ የወርቅ ገንዘብ) ተበደረ። ብድሩ በራሱ የሚናገረው ነገር አለ፦ በግብር ብዛት የተቆጣን ሕዝብ ለመከላከል የሚሠራ ግንብ ከዚያው ሕዝብ በሚሰበሰብ ተጨማሪ ግብር ወዲያውኑ ሊጀመር አይችልምና ጎረቤት መሳፍንት ዘንድ መሄድ ግድ ነበር። ባርቶሊኖ ከዓመታት በኋላ ወደ ማንቶቫ ሄዶ ለአበዳሪው ለጎንዛጋ ራሱ የሳን ጆርጆን ግንብ ሠርቷል፤ ሁለቱ ግንቦች እስከ ዛሬ እንደ ወንድማማች ይመሳሰላሉ።

ባርቶሊኖ ከባዶ መሬት አልተነሣም። የአንበሶች ማማ ቀድሞውኑ ቆሟል፣ ግድግዳው ወፍራም ነው፣ ከከተማው ቅጥር ጋርም ተያይዟል። ስለዚህ እርሱን የአዲሱ ግንብ አንድ ማዕዘን አድርጎ በቀሩት ማዕዘኖች ሦስት ማማዎች አቆመ፤ እነርሱም ማርኬሳና፣ ሳን ፓኦሎና ሳንታ ካተሪና የሚባሉት ናቸው። አራቱንም በከፍተኛ ግድግዳ አገናኝቶ፣ ዙሪያውን በቦይ ቆርጦ፣ መግቢያዎቹን በሚነሡና በሚወርዱ ድልድዮች ዘጋ። በአካባቢው የነበሩ ቤቶችም ለግንባታው ሲባል ፈረሱ። የግንባታው ቁስ ጡብ መሆኑ የምርጫ ጉዳይ አልነበረም፤ የፖ ሜዳ ጭቃ እንጂ የሚጠረብ ድንጋይ የለውም።

የቦታው አመራረጥ ልብ ሊባል ይገባል። በቅጥሩ ላይ የተሠራ ምሽግ አንድ ፊቱ ወደ ከተማው፣ ሌላው ፊቱ ወደ ገጠሩ ነው፤ ከተማው ቢያምፅ ገዢው በኋላ በር ወጥቶ ሊሸሽ ወይም በዚያው በር ረዳት ጦር ሊያስገባ ይችላል። ከቤተ መንግሥቱ እስከ ግንቡ ድረስም ቪያ ኮፔርታ የሚባል፣ ከመሬት ከፍ ብሎ የሚያልፍ ክዳን ያለው መተላለፊያ ተዘረጋ። ገዢው ቀን ቀን በቤተ መንግሥቱ ይውላል፣ ክፉ ቀን ሲመጣ አደባባይ ሳይረግጥ ወደ ግንቡ ይሻገራል ማለት ነው። ይህ መተላለፊያ በኋላ ባልታሰበ መንገድ የቤቱ ውድ ክፍል ይሆናል።

ለዘጠና ዓመት ያህል ግንቡ በተሠራበት ዓላማ አገለገለ፤ ወታደር ሰፈረበት፣ እስረኛ ታጎረበት። የዚህ ዘመን ትዝታ ጎልቶ የቀረው በ1425 በተፈጸመው ፍርድ ነው። ማርኪዝ ኒኮሎ 3ኛ ሁለተኛ ሚስቱን ፓሪሲና ማላቴስታንና ከሌላ ሴት የወለደውን ልጁን ኡጎን በፍቅር ተያይዘው በማግኘቱ ሁለቱንም በግንቡ አሳስሮ በግንቦት ወር አንገታቸውን አስቀላ። ኡጎ ገና 20 ዓመቱ ነበር። ለጎብኚዎች እስከ ዛሬ በሁለቱ ስም የሚታዩ የወህኒ ክፍሎች አሉ።

ይኸው ኒኮሎ 3ኛ በ1438 የምሥራቅና የምዕራብ አብያተ ክርስቲያናትን ለማስታረቅ የተጠራውን ጉባኤ በከተማው አስተናግዷል። የሮማው ፓፓ አውጄንዮስ 4ኛና የቁስጥንጥንያው ንጉሠ ነገሥት ዮሐንስ 8ኛ ፓሌዮሎጎስ ፌራራ ላይ ተገናኝተው ነበር። ጉባኤው በ1439 መጀመሪያ ወደ ፍሎረንስ ስለተዛወረ፣ ከኢየሩሳሌሙ ገዳም በአባ ኒቆዲሞስ የተላኩት ኢትዮጵያውያን መነኮሳት በ1441 የደረሱት ወደ ፍሎረንስ ነው። በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን የሆነው ይህ ጉዞ ሁለት ሦስት ዓመት ቢቀድም ኖሮ መልእክተኞቹ የሚያርፉት በዚህ ግንብ አጠገብ በሆነ ነበር።

ሁለተኛው ድንጋጤ የመጣው ከውስጥ፣ ከዘመድ ነው። በ1471 ዱክ የሆነው ኤርኮሌ 1ኛ የወንድሙን የሌዮኔሎን ልጅ ኒኮሎን ቀድሞ ሥልጣን ላይ የወጣ ሲሆን፣ ኒኮሎ መብቴ ተነጥቋል ብሎ ያምን ነበር። በ1476 መስከረም መግቢያ ላይ ኤርኮሌ ከከተማ ውጭ በነበረበት ጊዜ ኒኮሎ የታጠቁ ሰዎች በጀልባ አስጭኖ ገባና አደባባዩን ያዘ። የዱኩ ሚስት፣ የናፖሊው ንጉሥ ልጅ የሆነችው የአራጎኗ ኤሌዮኖራ፣ ቤተ መንግሥቱ ውስጥ ነበረች። ከስድስት ሳምንት በፊት የተወለደውን አልፎንሶን ይዛ፣ ሁለቱን ትንንሽ ሴቶች ልጆቿን ኢዛቤላንና ቤያትሪቼን አስከትላ፣ በክዳኑ መተላለፊያ ወደ ግንቡ ተሻገረችና በሩን አስዘጋች። ሕዝቡ ከኒኮሎ ጋር ስላልተነሣ ሙከራው በሰዓታት ውስጥ ከሸፈ፤ ኒኮሎም ተይዞ አንገቱ ተቀላ፤ የመስፍን ዘር ነውና ግን በክብር ከቤተሰቡ መቃብር ተቀበረ።

እንደ እኔ አመለካከት የጉዳዩ ማጠፊያ ይህ ቀን ነው። ምክንያቱም ከዚህ በኋላ ኤሌዮኖራ መኖሪያዋን ወደ ግንቡ አዛወረች፤ ባሏ በአሮጌው ቤተ መንግሥት መቀመጡን ሲቀጥል፣ እርሷ በምሽጉ ውስጥ ለራሷና ለልጆቿ ክፍሎች አሠራች። ባሏ በሌለበት ጊዜ ከተማዋን የምታስተዳድር ሴት ነበረችና፣ ግንቡ በእርሷ እጅ መጠለያ ብቻ መሆኑ ቀርቶ የሥራና የአቀባበል ቤት ሆነ። ማማውን ወደ መኖሪያነት የለወጠው ትልቅ ዕቅድ ያወጣ መሐንዲስ ነው ብሎ የሚፈልግ ሰው አያገኘውም፤ መልሱ ያለው ጨቅላ ታቅፋ በጠባብ መተላለፊያ በሮጠች እናት ዘንድ ነው። ያን ቀን ከተከተሏት ልጆች አንዷ ኢዛቤላ በ1490 የማንቶቫውን ማርኪዝ አግብታ የኖረችው ባርቶሊኖ በሠራው በዚያኛው ግንብ፣ በሳን ጆርጆ፣ ነው።

ሌላው ለውጥ ግንቡን ሳይነካ ቦታውን የቀየረ ነው። ፌራራ በ1482–84 ከቬኒስ ጋር ባደረገችው ጦርነት የሰሜን ጎኗ የተጋለጠ መሆኑን አይታ ስለነበር፣ ኤርኮሌ ከ1492 ጀምሮ በመሐንዲሱ በቢያጆ ሮሴቲ አማካይነት ከተማዋን ወደ ሰሜን አስፋፋ፤ ስፋቷም እጥፍ ሆነ። አዲሱ ቅጥር ርቆ ሲሠራ የቀድሞው የሰሜን ቅጥር መስመር ሰፊ ጎዳና ሆነ፣ የአንበሶች ማማም የሚጠብቀው በር ሳይኖረው መሐል ከተማ ላይ ቀረ። ወደ ገጠር ማምለጫ የነበረው የኋላ በር ከዚህ በኋላ የሚያወጣው ወደ አዲስ ሰፈር ነው። ምሽጉ ወታደራዊ ትርጉሙን ግማሽ ያህል ያጣው ያኔ ነው፤ መሐል ከተማ ያለ ቤት ደግሞ ለመሳፍንት መኖሪያነት ይበልጥ ይመቻል።

በ1505 ሥልጣን የያዘው አልፎንሶ 1ኛ፣ ያ ጨቅላ፣ ለቤቱ ሁለት ገጽታ ከሁሉ ይልቅ ተጠያቂ ነው። በዚያው ዓመት መጨረሻ ወንድሙ ካርዲናል ኢፖሊቶ ግማሽ ወንድማቸውን ጁሊዮን በሎሌዎቹ ዓይኖቹን አስወጋው፤ የጠቡ መነሻ አንጄላ ቦርጃ የምትባል፣ የአልፎንሶ ሚስት የሉክሬትሲያ ቦርጃ ዘመድ የሆነች ወጣት ናት። አልፎንሶ ካርዲናሉን በሚገባው መጠን አልቀጣውም። ጁሊዮ ቂም ቋጥሮ ከሌላው ወንድማቸው ከፌራንቴ ጋር በ1506 ዱኩንና ካርዲናሉን ለመግደል አሤረ፤ ሤራው ተጋለጠ፤ የሞት ፍርድ ተፈረደባቸው። መስቀያው ዘንድ ከቀረቡ በኋላ ፍርዱ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለውጦ ሁለቱም በዚሁ ግንብ ተዘጋባቸው። ፌራንቴ ከ34 ዓመት እስራት በኋላ በ1540 እዚያው ሞተ። ጁሊዮ የተፈታው የአልፎንሶ የልጅ ልጅ አልፎንሶ 2ኛ ሥልጣን በያዘበት በ1559 ነው፤ 53 ዓመት ታስሮ፣ በ81 ዓመቱ ወጣ። ወደ ከተማው ሲወጣ የለበሰው ልብስ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በፊት የነበረው ሥሪት ስለነበር ሰዉ በመገረም እንዳየው ይነገራል።

እነዚህ ሁለት ወንድማማቾች ከታች ታስረው ሳሉ ነው አልፎንሶ ላይኛውን ቤት ያሳመረው። በአንበሶች ማማ በኩል፣ ከመሬት ከፍ ባለ ሰገነት ላይ፣ ብርቱካን በትላልቅ ማሰሮዎች የሚተከልበት የአትክልት ስፍራ ነበረው፤ በክረምት ብርድ ተክሎቹ ከጎኑ ባለው በቅስት ወደተሸፈነው በረንዳ ይገባሉ። ወደዚህ ሰገነት የሚያወጣው ደረጃ የሌለው አቀበት መንገድ መድፍ ለመጎተት የተሠራ ነው። አልፎንሶ መድፍ አስቀላጭ መስፍን ነበረና ይህ አያስደንቅም፦ በ1511 ቦሎኛ ላይ የፓፓ ዩልዮስ 2ኛ የነሐስ ሐውልት፣ የሚኬላንጄሎ እጅ ሥራ፣ ሲፈርስ ነሐሱን ወስዶ ከእርሱ መድፍ አስቀልጦ በፓፓው ስም ላ ጁሊያ ብሎ ሰየመው። አንድ መስፍን በአንድ እጁ የሥነ ጥበብን ሥራ ወደ ጦር መሣሪያ እየለወጠ በሌላው እጁ የዘመኑን ምርጥ ሥዕሎች ያዝዝ ነበር።

ሥዕሎቹ የተሰቀሉት ደግሞ በዚያው ኤሌዮኖራ በሸሸችበት መተላለፊያ ላይ ነው። አልፎንሶ ቪያ ኮፔርታን አስፍቶ ካሜሪኒ የሚባሉ ትንንሽ የግል ክፍሎች አሠራበት። ለአንደኛው አንቶኒዮ ሎምባርዶ የዕብነ በረድ ቅርጾችን ሠራለት፤ ዛሬ አብዛኞቹ በቅዱስ ጴጥሮስበርግ ሄርሚታዥ ሙዚየም ይገኛሉ። ለሌላው ጆቫኒ ቤሊኒ በ1514 የአማልክት ግብዣን ሣለ፤ ከራፋኤልና ከፍራ ባርቶሎሜዮም ሥዕል ታዝዞ ነበር፣ ሁለቱም ሳይሠሩ ስለሞቱ ሥራው ወደ ቲሲያን ዞረ። ቲሲያን ከ1518 እስከ 1520ዎቹ አጋማሽ ባለው ጊዜ ሦስት ሥዕሎች አስረከበ፤ የቬነስ አምልኮ፣ ባኩስና አርያድኔ፣ እንዲሁም የአንድሮስ ሰዎች ፈንጠዝያ። የወይን፣ የፍቅርና የደስታ ሥዕሎች ናቸው። ክፍሎቹ የተሠሩት ለብዙ እንግዳ አልነበረም፤ ዱኩ ብቻውን ወይም ከጥቂት ወዳጆች ጋር የሚቀመጥባቸው ነበሩ። የማምለጫ መንገድ የብቸኝነት ማረፊያ መሆኑ በሕንፃው ታሪክ ውስጥ ከሁሉ የበለጠ የሚያስገርመኝ ነገር ነው፤ ሁለቱም አገልግሎቶች ከሰው ዓይን መሰወርን ይፈልጋሉና።

በውጭ የሚታየው መልክ የተለወጠው በእሳት ምክንያት ነው። በ1554 ቃጠሎ ግንቡን ከጎዳው በኋላ የአልፎንሶ 1ኛ ልጅ ኤርኮሌ 2ኛ ሥራውን ለጂሮላሞ ዳ ካርፒ ሰጠ፤ እርሱም ተኳሾች የሚከለሉባቸውን ጥርሳማ የግድግዳ ጫፎች አስነሥቶ በነጭ ድንጋይ መደገፊያ ተካቸው፣ ተጨማሪ ፎቅ አወጣ፣ በማማዎቹም አናት ላይ ቀለል ያሉ ሰገነቶች አቆመ። ከታች ቀይና ደንዳና ምሽግ፣ ከላይ ነጭና ቀጭን ቤተ መንግሥት ሆኖ ዛሬ የሚታየው ቅርጽ መሠረቱ ያኔ ነው።

የመጨረሻው ግፊት ከመሬት በታች መጣ። በኅዳር 1570 ፌራራን የመታው የመሬት መንቀጥቀጥ ከተማዋን ክፉኛ ጎዳት፣ ንውጽውጽታውም ለረጅም ጊዜ ቀጠለ። በዱክ አልፎንሶ 2ኛ ቤት የቅርስ ሊቅና መሐንዲስ የነበረው ፒሮ ሊጎሪዮ ስለ መሬት መንቀጥቀጥ መጽሐፍ ጽፎ፣ ንውጽውጽታን የሚቋቋም ቤት እንዴት እንደሚሠራ ንድፍ አውጥቷል፤ ከዘመኑ ብዙ ሊቃውንት በተለየ ነገሩን ለእግዚአብሔር ቁጣ ብቻ ሳይተው ለግድግዳ አሠራር ትኩረት መስጠቱ ክብር ይገባዋል። የግንቡ ጥገናም ለአዲስ ማስጌጥ ምክንያት ሆነ። በአንበሶች ማማ በኩል ያሉት ክፍሎች ጣሪያ በእነ ሉዶቪኮ ሴቴቬኪና ባስቲያኒኖ ሥዕሎች ተሸፈነ፤ የጨዋታዎች አዳራሽ በሚባለው ላይ የጥንት ሮማውያንና ግሪኮች ትግልና ሩጫ፣ የንጋት ክፍል በሚባለው ላይ ደግሞ የቀኑ አራት ክፍለ ጊዜያት፣ ንጋት፣ ቀትር፣ ምሽትና ሌሊት፣ ተሥለዋል። ከመሠረት ድንጋዩ እስከዚህ ድረስ 190 ዓመት ገደማ አልፏል።

ቤቱ በዚህ መልክ ተሟልቶ ለባለቤቶቹ የቆየው ግን ሩብ ምዕተ ዓመት ለማይሞላ ጊዜ ነው። አልፎንሶ 2ኛ ሦስት ጊዜ አግብቶ ልጅ ሳይወልድ በጥቅምት 1597 ሞተ። ፌራራ በሕግ የሮማ ቤተ ክርስቲያን ግዛት ስለነበረች፣ ፓፓ ክሌምንጦስ 8ኛ የወራሹን የቼዛሬን መብት አልቀበልም አለ፤ ቼዛሬም በጥር 1598 ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ሞዴና ሄደ። ከተማዋን የተረከበው ካርዲናል ፒየትሮ አልዶብራንዲኒ የካሜሪኒ ሥዕሎችን ወደ ሮም ወሰደ፤ ዛሬ ባኩስና አርያድኔ ለንደን፣ ሁለቱ የቲሲያን ሥዕሎች ማድሪድ፣ የቤሊኒው ደግሞ ዋሽንግተን ናቸው። ከእንግዲህ ያንን ክፍል እንደነበረ ማየት የሚሻ ሰው አራቱን ሥዕሎች ለመሰብሰብ ሦስት ከተሞች መዞር አለበት።

ግንቡ ከዚያ በኋላ ፈረንሳዮች በ1796 እስኪገቡ ድረስ የፓፓው እንደራሴ የሆኑት ካርዲናሎች መቀመጫ ሆነ። እንደራሴዎቹ ተሿሚዎች እንጂ ወራሾች አልነበሩም፤ ይጠግኑታል፣ አርማቸውን ይሥሉበታል፣ ይሄዳሉ። ኢጣሊያ ከተዋሐደች በኋላ በ1874 የፌራራ ክፍለ ሀገር አስተዳደር ገዛው። በኅዳር 15 ቀን 1943 ንጋት ላይ ፋሺስቶች 11 ሰዎችን ወስደው በከተማዋ ረሸኑ፤ አብዛኞቹ የወደቁት ከግንቡ ቦይ አጥር ሥር ሲሆን፣ ለመታሰቢያቸው በቦታው ላይ ጽሑፍ ተቀምጧል። በ1995 የፌራራ መሐል ከተማ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። በግንቦት 2012 የኤሚሊያ የመሬት መንቀጥቀጥ ግንቡን በድጋሚ ጎድቶት ጥገና ተደርጎለታል።

አሁን ሙዚየም ነው፤ የክፍለ ሀገሩ አስተዳደርም በዚሁ ሕንፃ ውስጥ ክፍሎች አሉት። ጎብኚው መጀመሪያ በምድር ቤቱ ያሉትን ወህኒዎች፣ ጁሊዮ የታሰረበትን ጨምሮ፣ ያያል፤ ከዚያም በመድፍ መጎተቻው አቀበት ወደ ብርቱካኑ ሰገነት ይወጣል።